ግራጫው አሳላፊ

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
የካቲት 26 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ስሜን ስልኳ ላይ አይታ ለማታነሳው ውድ እህቴ፣ ለእትዬ ሰርካዲስ፤

እንዴት ከርመሻል? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽን እንዳመመሽ ከጎረቤትሽ ከሰምሀል እናት ሰማሁ። ለእኔ “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልል” እያልሽ ለጎረቤት “ጉልበቴን” ማለትሽ ከጉልበቱ ይልቅ አናዶኛል። እኛ ደህና ነን። ዘርፌ ትሠራለች፣ ትጾማለች፣ በተረፋት ጊዜ እኔ ላይ ትነጫነጫለች። ሔራን ትምህርቷ ሊያልቅ ነው፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ መመለሷን ግን አልተወችም። እኛ ሰፈር፣ ፎረስት ፓርክ፣ በረዶው ገና አልለቀቀንም። እኔም ካንቺ ጋር መጨቃጨቁ ካልሆነ በቀር ምንም አላመመኝም።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ጎረቤታችን ሰምሀል ናት። እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ መጀመሪያ አንቺ ቤት እንድትገባ፣ አንብበሽ እስክትጨርሺም ፊትሽ ቁጭ እንድትል አስምዬ ልኬያታለሁ። ሰው ፊትሽ ተቀምጦ “ኔትወርክ የለም” ማለት አትችይም።

ነገር ስነግርሽ ግማሹን እየሰማሽ ግማሹን ድስት እያማሰልሽ ስለሆነ ከሥሩ ልጀምርልሽ።

ኒው አልባኒ ባለው መጋዘን አብሮኝ የሚሠራ ሊዮን የሚባል አሜሪካዊ አለ ብዬሽ ነበር። ቁመቱ በር የሚያስጎነብሰው፣ እጁ አካፋ የሚያክል ሰው ነው። በዚያ እጁ አውራ ጣት የምታክል የሰው ምስል ይቀባል። እዚህ አገር ይህን ሥራዬ ብለው የያዙ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ክበብም አላቸው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ትርኢት ያሳያሉ። አብዛኛው ሰው ወታደር ነው የሚቀባው። ሊዮን ግን የሚቀባው የድሮ የፈረንጅ መኳንንት ቤት አሽከሮችን ነው፤ በር ከፋቹን፣ ሠረገላ ነጂውን፣ ምግብ አቅራቢውን። ለምን ብለው ሲጠይቁት “ወታደሩንማ ሁሉም ያስታውሰዋል፤ ሳህኑን የተሸከመውን ማን ያስታውሳል?” ይላል።

በኮሮናው ጊዜ ሰው ሁሉ ቤቱ ተዘግቶበት ሲጨንቀው እኔንም አስለመደኝ። ዘርፌ መጀመሪያ ደስ አላት፤ ከቴሌቪዥኑ ይሻላል ብላ። ኋላ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከሽንኩርቷ ይልቅ የእኔ ብሩሽ ሲበዛ ደስታዋ አለቀ።

ታዲያ እነዚያ መኳንንት እያንዳንዳቸው ለአሽከሮቻቸው የየራሳቸው ቀለም ነበራቸው። የአንዱ ቤት ሰማያዊ፣ የሌላው ቤት አረንጓዴ፤ ሰው መንገድ ላይ አሽከሩን አይቶ የማን ቤት እንደሆነ ያውቃል። ሊዮን የአንዱን ቤት ቀለም ለሌላው ቤት አሽከር ከቀባ እህል አይወርድለትም፤ መጽሐፍ ያገላብጣል፣ ለማያውቃቸው ሰዎች ይጽፋል። አንድ ቀን በምሳ እረፍት ይህን ሲያስረዳኝ የደረቱን የሚያበራ ሰደሪያ፣ መጋዘን ውስጥ መኪና እንዳይገጨን የሚያለብሱንን ያንን፣ ጎተት አድርጎ፣ ስሜን እንደ ልማዱ አሳጥሮ “ጎሳ፣ ዊ ጋት አወር ከለርስ ቱ” አለኝ። እኛም የጌታችን ቀለም አለን ማለቱ ነው። ሳቅን።

ያን ጊዜ አፌን ብይዝ ምን ነበረበት። “የእኔም አባት እንዲህ ያለ የደንብ ልብስ ነበራቸው” አልኩት። ደጃዝማች ቤት ግብር ሲገባ ምግብና መጠጥ የሚያሳልፉ፣ ባለ ትሪ ሰው እንደነበሩ፣ የቤቱ አሳላፊዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ኮት እንደሚለብሱ ነገርኩት። ሊዮን ሳንድዊቹን አስቀመጠ። ሰውየው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ፊቱ ልጅ ይሆናል።

“ሶ ዋት ከለር ዋዝ ኢት?” አለኝ።

ስንት ዓመቴ ነው እትዬ? ስለ አባቴ ልብስ ለሰው እነግራለሁ፣ ቀለሙን ግን ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ኮቱ ይቀመጥ የነበረው ጌቶች ቤት ነው፤ አባባ የሚለብሱትም የሚያወልቁትም እዚያው ነው። ቤት የሚመጡት በጋቢያቸው ነው። እኔ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ያለን ያቺ አንድ ፎቶ ናት፤ ደጃዝማቹና እንግዶቻቸው መሀል ተቀምጠው፣ አባባ ከዳር ትሪ ይዘው ቆመው፣ ግማሽ ትከሻቸውን ፎቶ አንሺው ቆርጦት። እሷም ጥቁርና ነጭ ናት።

ሊዮን ግን ነገሩን አልተወውም። ከአንዱ ምስል ራስ፣ ከሌላው እጅ እየቆረጠ፣ እያጣበቀ፣ ፎቶዋን እያየ አባባን ሠራቸው። እትዬ፣ ብታያቸው ቁርጥ እሳቸው ናቸው፤ ያ ወደ ግራ ዘንበል የሚለው አንገታቸው ሳይቀር። ምስል ከመቀባቱ በፊት ቀለም እንዲይዝ ግራጫ ይቀባል። ከዚያ በኋላ ልብሱን ልቀጥል ስል ሊዮን እጄን ያዘኝ። የክበባቸው ሕግ አለ፤ የማታውቀውን አትቀባም፤ እስክታውቅ ግራጫውን ትተወዋለህ። ይኸው ካለፈው ክረምት ጀምሮ አባባ ወጥ ቤታችን መስኮት ላይ ከራስ እስከ እግራቸው ግራጫ ሆነው ትሪ ይዘው ቆመዋል። ዘርፌ “ወይ አልብሳቸው ወይ አንሳቸው፤ ጠዋት ጠዋት አማቴ ፊት በቢጃማ መቆም አሳፈረኝ” ትለኛለች።

ከዚያ ወዲያ ነው አንቺን መለመን የጀመርኩት።

አንቺ ኮቱን ታውቂዋለሽ። እናታችን እኔን ወልዳ ካረፈች ጀምሮ የዚያ ቤት እናት አንቺ ነበርሽ፤ ኮቱ ሲቀደድ አባባ ይዘውት የሚመጡት ላንቺ ነው፤ የጠቀምሽውም አንቺ ነሽ። አንድ ቃል ነው የጠየቅኩሽ። መጀመሪያ ስጠይቅሽ ስለ ውሃ መጥፋት ነገርሽኝ። ቀጥሎ ስጠይቅሽ መብራት ጠፋ። ከዚያ ሽሮው አረረ። ፎቶዋን በቴሌግራም ልኬ “ቀለሙን ብቻ ጻፊልኝ” ብልሽ የሚጸልዩ ሁለት እጆች ላክሽልኝ። እትዬ፣ የሚጸልይ እጅ ምን ዓይነት ቀለም ነው?

ጆሮ ዳባ ልበስ ማለትሽ ሲበዛብኝ በገና ዋዜማ ደውዬ አጥብቄ ጠየቅኩሽ። ያን ቀን ተቆጣሽ። “የአባትህን አሽከርነት አሜሪካ ድረስ ወስደህ ለፈረንጅ ልታስጎበኝ ነው? አባባ አጋፋሪ ነበሩ” አልሽና ዘጋሽው።

አጋፋሪ። እኔ ላይ? ለምራቶችሽ ምን እንዳልሻቸው አላውቅም፤ ለልጆችሽም ያሻሽን በይ፣ የቤትሽ ጉዳይ ነው። አጋፋሪ በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚያስገባ ባለ ማዕረግ ነው፤ ትሪ አይሸከምም። ትሪው ፎቶው ላይ አለ። ትሪ መሸከም ነውር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም፤ እኔና አንቺን ያሳደገን ያ ትሪ ነው። እኔም ይኸው ሰደሪያ ለብሼ የሰው ካርቶን እሸከማለሁ። ያን ቀን ስልኩን ይዤ እንደቆምኩ ካንቺ ሳይሆን ከማላውቃት ሴትዮ ጋር ያወራሁ መሰለኝ። በጣም ተቀየምኩሽ።

አንቺ እንቢ ስትዪ በሌላ በር ዞርኩ። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ የእትዬ ዓለም ምግብ ቤት አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ። እዚያ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ የእኛ ሰፈር ሰው አሉ። ፎቶዋን አሳየኋቸው። ገና መነጽራቸውን ሳያደርጉ “ቀይ ነው” አሉ። “እዚያው አጥር ሥር ነው ያደግኩት። ቀይ ከፈይ፣ ዳር ዳሩ ወርቅ።”

እትዬ ዓለም ከቡና ማሽኑ ጀርባ ሆና ሰማች። “ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቀይ አይደለም። ጥቁር ሰማያዊ ነው። አጎቴ እዚያ ቤት ግብር ሲገቡ አይተውታል፣ ነግረውኛል።”

“አጎትሽ መቼ ግብር ገብተው ያውቃሉ?”

“ምን ማለትዎ ነው?”

ሙክታር የሚባል ታክሲ የሚነዳ ልጅ መሀል ገብቶ ሊያበርድ “አባቶቼ፣ ለምን ሰርች አናደርገውም?” ብሎ ስልኩን አወጣ። ሁለቱም እሱ ላይ ዞሩበት። ጋሽ ወርቁ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ፤ ከበሩ ላይ ዞረው “ደግሞስ ከአብዮቱ በኋላ ማን ያንን ይዞ ይገኛል? ያለው ሁሉ ጥቁር እያስነከረ የሐዘን ልብስ ነው ያስመሰለው” አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እትዬ ዓለም ቤት አይገቡም። ቀለም ፍለጋ ሄጄ ሁለት ትልልቅ ሰው አጣልቼ ተመለስኩ።

ሔራን ደግሞ ልታግዘኝ ብላ ፎቶዋን ኮምፒውተር ውስጥ ከተተቻት። አሁን ጥቁርና ነጩን ፎቶ በራሱ ቀለም የሚያለብስ ነገር አለ። ቀለም አለበሰው፤ አባባን ሮዝ አደረጋቸው። እንደ ሙሽራ ሚዜ ሮዝ ኮት ለብሰው ትሪ ይዘው ቆመዋል። “ዳድ፣ ኢትስ ካይንዳ ኪዩት። ጀስት ጎ ዊዝ ኢት” አለችኝ፤ ያምራል፣ በቃ እንዲሁ ተወው ማለቷ ነው። አያቷ ናቸው ብዬ ልቆጣ አልኩና እሷም መሳቅ ስትጀምር ተውኩት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የሆነብኝ። ቀለሙ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ሽሮ ያርበታል።

አሁን ያለፈውን ቅዳሜ ልንገርሽ። ሰምሀል ሻይ ትጠጣ፤ አንቺ ግን እዚህ ጋ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ዘርፌ ለአልጫዋ እርድ አለቀብኝ ብላ ላከችኝ። ከክሊቭላንድ አቬኑ ሱቅ አንድ ስስ ፌስታል እርድ ገዛሁና ጥቁሩ የክረምት ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። መኪናዬ ጋ ደርሼ ቁልፍ ላወጣ እጄን ስሰድ ፌስታሉ ተቀዷል። እጄ እስከ አንጓው ቢጫ ሆነ። ዘርፌ የምትለኝ እየታወሰኝ፣ እየተሳደብኩ፣ እዚያው በረዶው ላይ ኪሱን ገልብጬ አራገፍኩት። ዱቄቱ ረገፈ። የኪሱ ስፌት ጥግ ላይ ግን፣ ክሩ መሀል የገባው አልረግፍ አለ። ጥቁር ኪስ፣ ጥጉ ላይ ቢጫ መስመር። በጥፍሬ ጫር ጫር አደረግኩት።

እትዬ፣ ጥፍሬ ያን ነገር አወቀው። እኔ ከማስታወሴ በፊት ጥፍሬ አወቀው።

ሁለተኛ ክፍል ስገባ የሰፋሽልኝን ጥቁር ኮት ታስታውሻለሽ? “ጨርቅ ተገኘ” ብለሽ የሰፋሽልኝን። ገላውን ለእኔ ልክ አሳንሰሽ ኪሱን ግን ሳትፈቺ እንዳለ ነበር የተውሽው፤ የትልቅ ሰው ኪስ ስለሆነ እጄ እስከ ክርኔ ይገባ ነበር። ክፍል ውስጥ ሲሰለቸኝ ኪሱ ጥግ ገብቼ ስፌቱን በጥፍሬ እጭር ነበር። ከስፌቱ ውስጥ ቢጫ ብናኝ ይወጣል። ቁልጭ ያለ፣ እንደ እርድ ያለ ቢጫ። ያንን እያድበለበልኩ ጓደኞቼ አንገት ላይ እወረውር ነበር። ኮቱ ጥቁር፣ ብናኙ ቢጫ። የኮት ሁሉ ኪስ ቢጫ ጥጥ የሚያበቅል ይመስለኝ ነበር።

ለመጀመሪያ ጊዜ የጋሽ ወርቁ ነገር ገባኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በቢጫ እጄ መሪውን ይዤ ቁጭ አልኩ። ሞተሩንም አላስነሣሁም። ዓመት ሊሆነው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አገር ሳስስ የነበረውን ልብስ እኔው ራሴ ለብሼው አድጌያለሁ።

እሑድ ጠዋት ደወልኩልሽ። ሰላምታ እንኳን ሳልጨርስ “ቢጫ ነው አይደል፣ እትዬ?” አልኩሽ። የዚያን ቀን ድስትም አልተማሰለም፣ መብራትም አልጠፋም። ከዚያ “ደጃዝማቹ ሲወሰዱ አባባ ኮቱን ደብቀው ይዘውት መጥተው ሳጥናቸው ውስጥ ቆልፈውበት ነበር” አልሽኝ። ድምፅሽ የአንቺ አይመስልም። “ፍተሻው ሲበረታ ጨነቀኝ። ሳጥናቸውን ከፍቼ፣ ሳልጠይቃቸው ነክሬ ቀደድኩባቸው። ከዚያ ወዲያ መቼ ተነሡ? በዚያው ክረምት አይደል የቀበርናቸው? እኔ ነኝ የቀበርኳቸው።” ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አታነሺም።

እኔ ሞኝ፣ አፍረሽ ነው ብዬ ነበር። በአሽከርነታቸው አፍረሽ። አጋፋሪ የምትይው ለክብር መስሎኝ ስበሳጭ ከረምኩ። ይህን ያህል ዘመን ይህን ተሸክመሽ፣ እኔ ደግሞ በየሳምንቱ እየደወልኩ “ምን ቀለም ነበር” እልሻለሁ። ሆድ ይፍጀው ማለትስ እስከ መቼ ነው? አንድ ወንድም አለሽ፣ እሱኑ ትደብቂዋለሽ? አሁንም ተናድጃለሁ፤ ግን ንዴቱ ሌላ ነው። ለመናደድም ለማልቀስም የሚመች ስላልሆነ ይህን ደብዳቤ ሦስቴ ቀድጄ ጽፌዋለሁ።

አሁን እኔ የማውቀውን፣ አንቺ ግን የማታውቂውን ልንገርሽ። የማታውቂው ቤት ስላልነበርሽ ነው።

ጠዋት ጠዋት አንቺ ቦኖ ውሃ ወረፋ ትሄጃለሽ። እኔን ለትምህርት ቤት የሚያዘጋጁኝ አባባ ነበሩ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ እኔን ጉልበታቸው መሀል አቁመው፣ ያንን ኮት ከላይ እስከ ታች ይቆልፉልኛል። ቆልፈው ሲጨርሱ በሁለት እጃቸው ትከሻዬን ይዘው “ቀና በል። ይሄ ኮት የጎበጠ ሰው አይወድም” ይሉኛል። በየቀኑ። እኔ የሁሉም አባት እንዲህ የሚል መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ኪሴን ገልብጬ አሳየኋቸው። “አባባ፣ ኪሴ ቢጫ ጥጥ ያበቅላል” አልኳቸው። ብናኟን ከእጄ ወስደው መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩአት። ቆይተው ቆይተው አዩአት። ከዚያ ሳቁ። ሳል እስኪይዛቸው ድረስ ነው የሳቁት፤ ያ ሳላቸው። ሳሉን ደግሞ አንቺም ታስታውሺዋለሽ፤ ከኮቱ በፊት የጀመረ ነው። ጌቶች ቤት ሳሉም ትሪውን ይዘው እንዳያስሉ አፋቸው ውስጥ ቅርንፉድ ይይዙ ነበር። የገደላቸው ሳንባቸው ነው፣ እትዬ። መቀስሽ አይደለም።

ስቀው ሲያበቁ “ማን ነው የሰፋልህ?” አሉኝ። ያወቁትን ነው የጠየቁኝ። “እትዬ” አልኳቸው። ብናኟን ኪሴ ውስጥ መልሰው ከተቱልኝና ከላይ መታ መታ አድርገው “አትጨርሰው፤ ለነገም ይሁንህ” አሉ። ከዚያ በሩን ሲከፍቱልኝ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ፣ “እጇ ይባረክ” አሉ። ልጅ ነበርኩ፤ እኔ የሰማሁት “አትጨርሰው” የሚለውን ብቻ ነበር፤ ሌላው ጆሮዬ ውስጥ ተኝቶ ከርሞ ያለፈው ቅዳሜ ነው የነቃው።

ያን ኮት ይዘው በፍተሻ ቢገኙ ምን ይገጥማቸው እንደነበር እኔ ላንቺ አልነግርሽም፤ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። እሳቸውም ያውቁ ነበር። ኮታቸውን ያጡ ሰው ሳይሆኑ ኮታቸውን ለልጃቸው ያለበሱ ሰው ሆነው ነው የሞቱት። በየማለዳው በገዛ እጃቸው ሲያለብሱኝ እንጂ አንድ ቀን ስለ ሳጥኑ ሲያነሱ አልሰማሁም።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ ቀባኋቸው። ከስድስት ዓይነት ቢጫ መርጬ፣ እርዱን ጎን አድርጌ እያስተያየሁ። ዘርፌ ጠረጴዛዋን ለቀቀችልኝ፤ አልጫውን ያለ እርድ ሠርታ በላን። ማክሰኞ ለሊዮን ወስጄ አሳየሁት። በማጉያ መነጽሩ ሲያያቸው ቆይቶ “ዌር ጂ ጌት ዘ የሎ?” አለኝ፤ ቢጫውን ከየት አመጣኸው ማለቱ ነው። ከኪሴ አልኩት። ያንን አውራ ጣት የሚያክል አባቴን በሁለት እጁ ይዞ መለሰልኝ። የቆሙበት ክብ እንጨት ላይ በስማቸው ሥር ሥራቸውን ጽፌያለሁ፤ “ቀነኒሳ፣ አሳላፊ” ይላል። አጋፋሪ አላልኩም። በዚህ የምትቆጪ ከሆነ ስልክ አንሺና ተቆጪ።

የክበቡ ትርኢት ግንቦት ላይ ነው። አባባ ግን ገና አላለቁም። ኮቱ ቢጫ ሆኗል፣ ትሪው ብር ሆኗል፣ ደረታቸው ላይ የተደረደሩት ቁልፎች ግን እስካሁን ግራጫ ናቸው። የእኔ ኮት ቁልፎች አንዱ ካንዱ የማይገጥሙ የተለቃቀሙ ጥቁሮች ነበሩ፤ የእሳቸውን ነቅለሽዋል ማለት ነው። አንቺ ደግሞ በዕድሜሽ ቁልፍ ጥለሽ አታውቂም። ያ የከረሜላ ቆርቆሮሽ ከስፌት መኪናሽ ሥር እንዳለ ነው ብዬ እገምታለሁ። ሰምሀል ፋሲካን እዚያው ውላ ትመለሳለች። አንድ ቁልፍ ስጫት። ካልሆነልሽም ምን ዓይነት እንደነበሩ ንገሪኝ፤ ነሐስ ይሁኑ፣ አጥንት ይሁኑ፣ እንጃ። በሕጉ መሠረት የማላውቀውን አልቀባም፤ እስክትነግሪኝ እጠብቃለሁ።

ለጉልበትሽ ሰምሀል ቅባት ይዛልሻለች፤ ጧትና ማታ ተቀቢው፤ እየረሳሽ አታስቸግሪኝ። ዘርፌና ሔራን ይስሙሻል። ሔራን “ቴል ሃር አይ ላቭ ሃር” ብላለች፤ ይህን አልተረጉምልሽም።

ታላቅን መመረቅ የእኔ ቦታ አይደለም። ስለዚህ በአባባ ምርቃት ልዝጋው፤ ብዙ ዘመን ኪሴ ውስጥ ቀርቶ ዘግይቶ ቢደርስሽም ያንቺ ነው። እጅሽ ይባረክ።

በዚያ ኮት ያሳደግሽው ወንድምሽ፣
ጎሳዬ ቀነኒሳ